እንደ ብርጭቆ የሚረግፍ ሬዚን

ትናንት ማታ ሦስተኛውም ተሰበረ። በቶርኖ ለምሠራው አንድ እስክሪብቶ ሦስት የሬዚን፣ ማለትም የጠንካራ ፕላስቲክ፣ ቁራጭ! አንጀቴ ነው ያረረው።

ስበሳው ምንም አላጠፋሁም። ባለ 7 ሚሊሜትር ፑንታ ነው የተጠቀምኩት። በየመሃሉ እያወጣሁ፣ ፍቅፋቂውን እያራገፍኩ፣ እንዳይግል ፋታ እየሰጠሁ በሳሁት። የእስክሪብቶውን የውስጥ የናስ ቱቦ ቀዳዳው ውስጥ በኢፖክሲ ማጣበቂያ አጣብቄ ሌሊቱን አሳደርኩት። ከዚያ ቶርኖው ላይ አስሬ ጀመርኩ። ክብ ሆነልኝ። ሰማያዊውና ነጩ ሲቀላቀል እንዴት ያምር ነበር! አንድ ሚሊሜትር ሲቀረኝ ቷ አለ። ከጫፉ ጥፍር የምታህል ስባሪ ተፈናጥራ ሄደች። ናሱ ፍጥጥ ብሎ ታየ።

ፖሊስተር የሚባለው የሬዚን ዓይነት ተሰባሪ እንደሆነ አውቃለሁ። መሮው ትንሽ ከዶለዶመ ወይም ቸኩለህ ከተጫንከው ይፈረካከሳል። ለዚህም ነው ቶሎ ቶሎ የምስለው።

የሚያበግነኝ ግን የሻጮቹ ነገር ነው። "ሬዚን" ብለው ብቻ ይሸጡልሃል። ፖሊስተር ይሁን፣ ዩሬቴን ይሁን አይጽፉም። ልዩነቱ እኮ የሰማይና የምድር ያህል ነው! ዩሬቴኑ እንደ ጥብጣብ እየረዘመ ይላጣል። ፖሊስተሩ ስንጥርጣሪ ይረጫል። ቀድሜ ባውቅ መሮውን አጋድሜ፣ በስሱ በስሱ እሄድበት ነበር። አንዲት ቃል መጻፍ ምን ይከብዳል?

እስክሪብቶው ለአባዬ ነበር። ቅዳሜ ጡረታ ይወጣል። አሁን የቀረኝ አንድ ቁራጭ ነው፤ እሱም ከዚያው ሻጭ የገዛሁት።