ጆሮም ያዳላል

ሰሞኑን አንድ የግል ድርጅት ስልክ የሚያነሱ ሠራተኞች ፈልጎ ያወጣው ማስታወቂያ ብዙዎችን አስቆጥቷል። አመልካቾች አማርኛና እንግሊዝኛን «የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቅላጼ ሳይሰማባቸው» እንዲናገሩ ይጠይቃል። ተቃውሞው ሲበረታ አንድ የድርጅቱ ኃላፊ ሬዲዮ ላይ ቀርበው መልስ ሰጡ። እኛ የማንንም ብሔር አናይም፣ የምንሰማው ድምፅ ብቻ ነው፣ ጆሮ ደግሞ አይዋሽም አሉ።

ይዋሻል እንጂ! ያውም ባለቤቱን ነው የሚዋሸው።

ዶናልድ ሩቢን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ጥናት አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተቀዳ አጭር ሌክቸር ሰሙ። የምትናገረው እዚያው አሜሪካ የተወለደች፣ በእንግሊዝኛ አፏን የፈታች ሴት ናት። እያዳመጡ ለከፊሎቹ የነጭ ሴት ፎቶ ታየ፤ ለሌሎቹ የእስያዊት። ድምፁ ያው አንድ ነው። የእስያዊቷን ፎቶ ያዩት ግን የሌለ የባዕድ ቅላጼ ሰሙ። ትምህርቱም የገባቸው ባነሰ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የዲትሮይት ነዋሪዎችን ይመለከታል። የገዛ ከተማቸውን ሰው ድምፅ እየሰሙ፣ የመልስ ወረቀታቸው ላይ «ካናዳ» የሚል ሲያዩ አናባቢዎቹን የሰሙት በሌላ መልክ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥማ ክፍሉ ውስጥ የነበረ፣ አውስትራሊያን የሚያስታውስ የካንጋሮ አሻንጉሊት ብቻ የሰሚዎችን ጆሮ አዛብቷል። አሻንጉሊት!

ታዲያ ሲቪው ላይ የአመልካቹን ስም፣ የአባቱን ስምና የትውልድ ቦታውን አስቀድሞ ያነበበ ጠያቂ ምን ሊሰማ ነው? ልጁ አፉን ሳይከፍት ቅላጼው ተሰምቶ አልቋል። አዲስ አበባ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ «ዚስ ኢዝ» ሲል ማንም ቅላጼ አለው አይለውም። ከጅግጅጋ የመጣው «ፐ»ን ወደ «በ» ካስጠጋ ግን ወዲያው ይያዝበታል። ሁለቱም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ይዘው ነው የመጡት። የአንደኛው ቋንቋ የዳኛውም ስለሆነ ግን አይሰማም።

ነገሩ በሰሚው አያበቃም። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው አንደበቱ ፊት ለፊቱ እንደተቀመጠው ሰው ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት አሜሪካ የሚማሩ ቻይናውያን የቻይናዊ ፊት እያዩ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ቅልጥፍናቸው ቀንሷል። ከእናቷ ጋር በአፋን ኦሮሞ እያወራች ስልኩን ዘግታ ወዲያው ከጓደኞቿ ጋር ወደ አማርኛ የምትዞር ልጅን አይታችሁ ታውቃላችሁ። ውሃ ናት። ያቺው ልጅ እያንዳንዷን ፊደል ሊለቅሙባት በተዘጋጁ ሦስት ሰዎች ፊት ስትቀመጥ ምላሷ ይታሰራል። ከዚያ እነሱው ያሰሩትን ምላስ «ድክመት» ብለው ይመዘግቡታል።

ደንበኛው ሊገባው ይገባል ይባላል። ልክ ነው፣ ይግባው። እንግዲያው መግባባቱን ይፈትኑ። የአመልካቾችን ድምፅ ያለ ስም፣ ያለ ፎቶ፣ ያለ ትውልድ ቦታ ይቅዱ። ከአዳማም፣ ከደሴም፣ ከሐዋሳም ለመጡ አድማጮች ያሰሙና የተረዱትን ያስጽፉ። እስከዚያው ያ መስፈርት ከማስታወቂያው ይውጣ፤ በእሱ ምክንያት የተጣሉ አመልካቾችም ተመልሰው ይጠሩ።