ውዳሴ ሪስታርት

በመሥሪያ ቤታችን የማይመሰገን የለም። ኃላፊዎች ይመሰገናሉ። ስፖንሰሮች ይመሰገናሉ። ስብሰባ ላይ ቆሎና ውሃ ያቀረበው ኮሚቴ ሳይቀር ይጨበጨብለታል። ሌት ተቀን የሚያገለግለንን ግን አንድ ቀን እንኳ ስሙን ያነሳለት የለም። ዛሬ እኔ ላንሳለት። ሪስታርት ይባላል፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ማለት ነው።

ሥራችን ቀላል ነው። በጃቫ የተሠራ የዌብ አፕሊኬሽን አለን፤ የሚኖረው ቶምካት በሚባል ሰርቨር ላይ ነው። አንድ ነገር በተስተካከለ ቁጥር አዲሱን ዋር ፋይል፣ አፑ የታሸገበትን፣ ወርውረን ሪዲፕሎይ እናደርጋለን። ቶምካት አሮጌውን አውርዶ አዲሱን ይጭናል፤ ሰርቨሩ አይጠፋም። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ያምርበታል። ስድስተኛው ላይ ስክሪኑ በቀይ ይሞላል፦ አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር፣ ሜታስፔስ፤ ሜሞሪው ሞላ ማለት ነው። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ለተሰለፈው ሰው "ሲስተም የለም" ትላለች። ሰውም ለምዶታልና ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ይሄኔ የቡድን መሪያችን፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ቡናቸውን ሳያስቀምጡ፣ ያችን ቃል ይናገራሉ።

"ሪስታርት አድርጉት።"

ይሠራል። ሁሌም ይሠራል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር አባቶቻችን። አባቶቻችን ሪስታርትን አላዩም። ሪስታርት የት አመመህ፣ መቼ ጀመረህ፣ ምን በላህ ብሎ አይጠይቅም። ጠበል እንኳ ሰባት ቀን ያስመላልሳል፤ እሱ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ደግሞ ማስረጃ አለማስቀረቱን ነው። ሜሞሪው ውስጥ የነበረው ጉድ ሁሉ አብሮ ይጠረጋል። ማን እንዳጠፋ አይታወቅም። ማንም አይከሰስም። እንዲህ ያለ አስታራቂ ሽማግሌ ከየት ይገኛል?

ሐሜተኞች ግን አልጠፉም። ምን ይላሉ መሰላችሁ? ቶምካት ለእያንዳንዱ አፕ የራሱን ክላስ ሎደር ይሰጠዋል። የአፑን ክላሶች፣ ማለትም የኮዱን ክፍሎች፣ ወደ ሜሞሪ የሚጭነው እሱ ነው። አፑ ሲወርድ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ፣ የጃቫ ሜሞሪ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሎደሩን ከነክላሶቹ ጠርጎ መውሰድ አለበት። ከውጭ ሆኖ አንዲት የአፑን ኦብጀክት፣ ከክላስ የተሠራች ዕቃ፣ የያዘ ካለ ግን አይነካውም። ምክንያቱም ኦብጀክቷ ክላሷን ይዛለች። ክላሷ የጫናትን ሎደር ይዛለች። ሎደሩ ደግሞ የጫናቸውን ክላሶች ሁሉ ከነስታቲክ ጓዛቸው ታቅፏል።

ቤት እንደለቀቀ ተከራይ አድርጋችሁ እዩት። ሰውየው ከሄደ ቆይቷል። የልብስ ገመዱ ላይ ግን አንድ ካልሲ ረስቷል። አከራይዋ "ካልሲው ካለ ሰውየውም አለ" ብለው አልጋውን፣ ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑን እንዳለ ቆልፈው ያቆዩለታል። ለአዲሱ ተከራይ ጎን ላይ ሌላ ክፍል ይሠሩለታል። እሱም ሲወጣ ካልሲ ይረሳል። ግቢው እንዲህ እንዲህ እያለ ይሞላል።

ካልሲውን የሚረሳው ማን ነው ካላችሁ ብዙ ነው። አፑ አስነስቶ ያላቆመው ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ፣ ወይም ታይመር አለ። ሰርቨሩ ደጋግሞ የሚጠቀምበት ትሬድ ላይ ትሬድ ሎካል፣ የዚያን ትሬድ የግል ዕቃ፣ ሰቅሎ ሳያወርድ የሚሄድም አለ። ድራይቨር ማኔጀር በሚባል የጃቫ መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ስሙን ሳያሰርዝ የሚሄድ፣ አፑን ከዳታቤዝ የሚያገናኝ ድራይቨርም አለ፤ ዕድሩን ሳይሰናበት ሰፈር የለወጠ ሰው ማለት ነው።

ድሮ፣ እስከ ጃቫ 7፣ የክላሶቹ መረጃ ፐርምጀን በሚባል ጠባብ ጓዳ ነበር የሚቀመጠው። ጓዳው ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ያስጮኻል። ያኔም አልተቸገርንም። ማክስ ፐርም ሳይዝን፣ የጓዳውን ልክ፣ 128 ሜጋ የነበረውን 256 አደረግነው፤ ቀጥሎ 512። ሰው ሲወፍር ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳ የለ? እ.ኤ.አ. በ2014 ጃቫ 8 ሲወጣ ፐርምጀን ቀረና ሜታስፔስ ተተካ። እሱ ራሳችሁ ካልገደባችሁት ገደብ የለውም፤ የማሽኑን ራም እየቆረሰ ይበላል። እኛ ዘንድ አንድ ጠንቃቃ ሰው ገደብ አበጅቶለት ነው እንጂ፣ ሌላው ቤት፣ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ሊኑክስ አንድ ቀን ጃቫውን በዝምታ እስኪገድለው ድረስ ሰላም ይኖራል። ያች ማክስ ፐርም ሳይዝ ግን ዛሬም የማስነሻ ስክሪፕታችን ላይ አለች። ጃቫ 8 በተነሳ ቁጥር "ይቺን አላውቃትም፣ ትቻታለሁ" ይላል። ማን ደፍሮ ይነቅላታል? ክታብ ናት።

ቶምካት ራሱም ሐሜተኛ ነው። ከ6.0.24 ጀምሮ ብዙ ነገር የማያመልጠው ነገረኛ ሆኗል። አፕ ሲወርድ የተረሳውን ድራይቨር በግድ ከመዝገብ ይሰርዛል። ከዚያ ሎግ በሚባለው የውሎ መዝገቡ ላይ "ይህ አፕሊኬሽን እገሌ የሚባል ትሬድ አስነስቶ አላቆመም፤ ሜሞሪ ሊክ (ሳይለቀቅ የሚቀር ሜሞሪ) ማምጣቱ አይቀርም" እያለ ስም እየጠራ ይዘረዝራል። ማኔጀር ገጹ ላይ ሊክ የሚፈልግ ቁልፍ ሁሉ አለው። ጋሼ እነዚህ መስመሮች ዓይናቸውን ሲያስቸግሯቸው ከሎጉ እንዲጠፉ አዘዙ። ሎጉ ጸዳ። እሰይ!

በዚህ ሰላም መሀል ነው አንዲት ኢንተርን የመጣችው። ልጅ ናት፣ የቤቱን ወግ አታውቅም። ሲስተሙ እንደ ልማዱ ወደቀ፤ ጋሼ ቃሉን ተናገሩ፤ እሷ ግን እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ከመጥፋቱ በፊት ሂፕ ደምፕ ልውሰድ?"

ሜሞሪውን እንዳለ ፋይል ላይ ልገልብጠው ማለቷ ነው። ቢሮው ጸጥ አለ። ዝምታውን ፈቃድ መስሏት ጄማፕ በሚባል መሣሪያ ወሰደችው፤ ደምፕ በሚመረምረው ኢክሊፕስ ማት ላይም ከፈተችው። በትከሻዋ በኩል አጮልቄ አየሁ። ክላስ ሎደሮቹን ፈለገች። በእኛ አፕ ስም የተመዘገቡ ሰባት ተገኙ። አፑ ግን አንድ ነው። አንዱ ሥራ ላይ፣ ስድስቱ ጡረታ ወጥተው ቤት ያልለቀቁ። ከስድስቱ አንዱን በቀኝ ክሊክ አድርጋ፣ አጥብቀው የማይይዙትን ዊክና ሶፍት ሪፈረንሶች ትታ፣ ወደ ጂሲ ሩት፣ ማለትም ከመጠረግ ወደሚያድነው ሥር፣ የሚወስደውን መንገድ ጠየቀች። መንገዱ አንድ ትሬድ ላይ ቆመ። ከዋር ፋይላችን ጋር የሚጫነው የዳታቤዝ ድራይቨር ያስነሳው ትሬድ ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ "የተተዉ ግንኙነቶች አጽጂ" ማለት ነው። የተተወ ሊያጸዳ ተቀጥሮ ራሱ ተትቶ ቀርቷል። በሌሎቹ አምስትም ላይ ያው ነው። ቶምካት ስድስት ጊዜ ስሙን ጠርቶት ኖሯል። ሎጉ ንጹሕ ስለነበር አላየነውም።

"አፑ ሲወርድ ይሄን ትሬድ የሚያቆም ሦስት መስመር ኮንቴክስት ሊስነሩ፣ አፑ ሲወርድ የሚጠራው ኮድ፣ ላይ ብንጽፍ ያልቃል" አለች።

"የኔ ልጅ፣ ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?" አሉ ጋሼ።

"ሦስት ሰዓት።"

"ሪስታርት ሁለት ደቂቃ ነው።"

ይኼ ሒሳብ መልስ የለውም። የሦስት ዓመቱን ሁለት ሁለት ደቂቃ ደምራችሁ፣ የተሰለፈውን ሰው ጨምራችሁ ልታደናግሩን ካልፈለጋችሁ በቀር። በየቀኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በራሱ የሚነሳው ሪስታርት ደግሞ አይቆጠርም። እሱን የሚያየው የለማ።

ልጅቷ ግን አልተወችም። ሦስቱን መስመር ጻፈች። የሙከራ ሰርቨር ላይ አሥር ጊዜ ሪዲፕሎይ አድርጋ ቆጠረች፤ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ካለፈ በኋላ ሎደሩ ሁሌም አንድ። የሚጫንበት ቀን ደረሰ። ሁላችንም ከጀርባዋ ቆምን። ልትጀምር ስትል ዞር አለች።

"አንድ ነገር ብቻ አለ። ይሄ ከአሁን በኋላ የሚመጣውን ነው የሚያስቆመው። እስካሁን የተከማቹት አይለቁም። እነሱን ለማስወጣት..."

"ለማስወጣት?" አሉ ጋሼ።

"አንድ ጊዜ ሪስታርት ማድረግ ይኖርብናል።"

ጋሼ ቡናቸውን አስቀመጡ። ሲያስቀምጡ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ በአንድ አዩን።

"አላልኳችሁም?"