ወረቀቱ ይቅደም ወይስ አፑ? ክርክር ከድሬዳዋ

ሁለት የድሬ ልጆች ለባለሱቆች የዱቤ መመዝገቢያ አፕ እየሠሩ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማሙም። ንድፉ ገና በወረቀት ላይ እያለ ለባለሱቆች ይታይ? ወይስ በባለሙያ ተፈትሾ ከተሠራ በኋላ? ዲዛይነሯና ፕሮግራመሩ እንዲህ ተከራከሩ።

ዲዛይነሯ፦

እኔ ወረቀቱ ይቅደም ባይ ነኝ። እያንዳንዱን ስክሪን በእርሳስ ሳልኩና ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። አንዲት ባለሱቅ ፊት ዘረጋሁት። «አንድ ደንበኛ ሁለት ኪሎ ስኳር በዱቤ ወሰደ እንበል፤ እስቲ ይመዝግቡት» አልኳቸው። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ተንከራተተ። እኛ የጻፍነው «ዴቢት» እና «ክሬዲት» ነው። እሳቸው የሚያውቁት «የወሰደ» እና «የከፈለ» ነው።

ቀጥሎ «ሙሉ ስም» የሚለው ቦታ መጣ። ደብተራቸውን አውጥተው አሳዩኝ። «የመንታዎቹ እናት»፣ «ባለባጃጁ»፣ «ጥጉ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ» ይላል። የአባት ስም የተጻፈለት ደንበኛ አላየሁም። እኛ ግን ያለ አባት ስም አይመዘገብም ብለን ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ በላጲስ አጠፋሁት። ኮድ ሆኖ ቢሆን ስንት ቀን ይፈጅብህ ነበር?

ፕሮግራመሩ፦

እህቴ፣ ያገኘሽውን አልክድም። ግን ለዚያ ቀፊራ መውረድ አያስፈልግም ነበር። የሶፍትዌር አጠቃቀምን የሚያጠኑት ያኮብ ኒልሰንና ሮልፍ ሞሊች እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ዘዴ አቅርበዋል። ባለሙያው ንድፉን ከታወቁ መርሆች ጋር እያመሳከረ ይፈትሻል። ኒልሰን በ1994 መርሆቹን አሥር አድርጎ አስቀመጣቸው። ሁለተኛው ሲስተሙ የተጠቃሚውን ቋንቋ ይናገር የሚል ነው። በዚህ ብንፈትሸው «ዴቢት» እዚሁ ቢሮ ይወድቅ ነበር።

ሌላው ይሉኝታ ነው። የእኛ ሰው እንግዳ ፊት «አልገባኝም» አይልም። «በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይላል። ከዚህ በፊት የሠራሁበት ቡድን ንድፉን ይዞ ዞሮ ነበር። ያላመሰገነን ሰው አልነበረም። አፑ ሲወጣ ግን ደግሞ የሚከፍተው ጠፋ። ወራት የለፋንበት ነገር ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የማምነው ሰው በራሱ ስልክ፣ በራሱ ሱቅ የሚያደርገውን ነው።

ዲዛይነሯ፦

ይሉኝታን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ግን ወንድሜ፣ ችግሩ ጥያቄያችሁ ላይ ነበር። «ወደዱት?» ካልክ መልሱ ምስጋና ነው። እኔ አስተያየት አልጠይቅም። ሥራ እሰጥና እጃቸውን አያለሁ። የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ እለምናለሁ። ዝም ሲሉ እኔም ዝም እላለሁ። ከባዱ ይሄ ነው። ሰው ሲቸገር እያዩ «እዚህ ጋ ይጫኑ» አለማለት አንጀት ይጠይቃል። በመጨረሻ ቢያመሰግኑኝም ጣታቸው የቆመበትን ቦታ ጽፌዋለሁ።

እንዲያውም ወረቀቱ ይሉኝታን ይቀንሳል። ያለቀ አፕ ሲያዩ «ደክመውበታል» ብለው ያዝኑልናል። በእርሳስ የተሳለውን ግን «ይሄን አጥፊው» ለማለት አይፈሩም። ብዙ ሰውም አያስፈልግም፤ አምስት ባለሱቅ ይበቃል።

መርሆቹም ቢሆኑ ብቻቸውን አይበቁም። ኒልሰን ራሱ በሥራዎቹ አንድ ባለሙያ ለብቻው በአማካይ ከችግሮቹ 35 በመቶውን ብቻ እንዳገኘ ጽፏል። ስለዚህ ከ3 እስከ 5 ፈታሽ ይመክራል። እኛ ሁለት ነን፤ ሁለታችንም ነግደን አናውቅም። የሰዓቱን ነገር አስታውስ። «9:00» የሚለውን ጠዋት ነው ብለን አለፍነው። ባለሱቋ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ብለው አነበቡት። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። በዱቤ ላይ ይሄ ጠብ ያመጣል።

ፕሮግራመሩ፦

የሰዓቱን ተቀብያለሁ። አሁን ወረቀትሽ የማያሳየውን ልንገርሽ። ፀሐይ! በቀደም ስልኩን ይዤ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ደጃፍ ቆምኩ። ያ ፈዘዝ ያለው ግራጫ ጽሑፍ ድርግም አለ። አንድ ፊደል እንኳ ማንበብ አልቻልኩም። ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ የነበረው ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ ሰው በተኑን ደጋግሞ ይጫናል፤ አንዱ ዱቤ ሁለቴ ይመዘገባል። ይህን በእርሳስ አታገኚውም።

አምስት ሰው ይበቃል የምትይውም አያሳምነኝም። 5 ሰው ከችግሮቹ 85 በመቶውን ያሳያል የሚለው ስሌት አንድ ሰው በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ያሳያል ከሚል የተነሳ ነው። ሰዎቹ ሲመሳሰሉ ይሠራል። ድሬ ላይ ግን በአንድ መንገድ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪኛ ትሰሚያለሽ። አምስቱንም ከሰፈርሽ ከሳቢያን ጎረቤቶችሽ ካመጣሽ ማንን አየሁ ትያለሽ?

ዲዛይነሯ፦

እዚህ ላይ ልክ ነህ። ኒልሰንም ተጠቃሚዎቹ በጣም ሲለያዩ ከየቡድኑ 3 ወይም 4 ሰው ይላል። ፀሐዩና ኔትወርኩ ለስልኩ ይቆዩ። ቃሉን፣ ቅደም ተከተሉንና ሰዓቱን ግን በወረቀት እንጨርሳቸው።

ፕሮግራመሩ፦

አሁንም ወረቀቱ ሥራ ያጓትታል ባይ ነኝ። አንድ ሳምንት ኮዱን አቆምልሻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም። ስትወርጂ ግን ሦስቱ በሶማልኛ፣ ሦስቱ በኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ይሁኑ። በጠዋት ሂጂ፤ ከምሳ በኋላ በዚህ ሙቀት ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማሽም። በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩን ይዤ እኔ እወጣለሁ፣ ልክ በስድስት ሰዓት።