ለማመልከቻ ደብዳቤ ጃቫስክሪፕት ምን ይሠራለታል?

በፒዲኤፍና በወርድ ሰነዶች አማካይነት ስለሚደርስ የኮምፒውተር ጥቃት የጻፉት ጸሐፊ «የማታውቁትን ፋይል አትክፈቱ» ብለው ጥፋቱን ሁሉ በተጠቃሚው ላይ መጣላቸው አልተዋጠልኝም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በኮምፒውተር ጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ለምንተዳደር ሰዎች የማናውቀውን ፋይል መክፈት እንጀራችን ነው። ከሉማሜ ወይም ከአማኑኤል የመጣ ደንበኛ ፍላሹን ሰጥቶ «የሥራ ማመልከቻዬን አትሙልኝ» ሲል ምን ብለን እንመልሰው?

ችግሩ ከሥሩ ነው። ፒዲኤፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ዓላማው አንድ ገጽ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ መልኩን ሳይቀይር እንዲታይ ነበር። ከዚያ ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ገባበት፣ ቪዲዮ ገባበት፣ በውስጡ የሚሸጎጥ ሌላ ፋይል፣ ሲከፈት በራሱ የሚነሣ ትእዛዝ! እያንዳንዱ ጭማሪ ለአጥቂ አንድ ተጨማሪ በር ነው። ወርድም ያው ነው፤ በ1999 ብዙ ኩባንያዎችን ያመሰው ሜሊሳ ቫይረስ የተሠራጨው በማክሮ፣ ማለትም ሰነዱ ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በወረዱ ሰነዶች ላይ ማክሮን ተጠቃሚው ሳይጠየቅ ማገድ የጀመረው ግን በ2022 ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ጥፋተኛው ፋይል የከፈተው ሰው ነበር ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ ለመዝገብ ማቆያ የታሰበው የፒዲኤፍ ዓይነት፣ ፒዲኤፍ/ኤ፣ ጃቫስክሪፕትንም ድምፅና ቪዲዮንም ይከለክላል። መሥሪያ ቤቶቻችን ቅጽና ደብዳቤ ሲልኩ በዚህ ያድርጉት። እስከዚያው የሙያ ባልደረቦቼ በፒዲኤፍ ማንበቢያው ፕሮግራም ማስተካከያ ውስጥ ጃቫስክሪፕትን አጥፉት፤ እኔ ካጠፋሁት ወዲህ በዚያ ምክንያት ሳይታተም የቀረ ማመልከቻ አላየሁም።