ልጆቻችሁን ከሜዳው አታስቀሩ

በኦስትሪያ የምትኖሩ፣ እንደ እኔው የዚህችን አገር ፓስፖርት የያዛችሁ ወገኖቼ፣ የዛሬው ንግግሬ ለጆሮ አይጥምም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የልጆቻችን ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የቪየና ማራቶን በመጣ ቁጥር ባንዲራችንን ይዘን መንገድ ዳር እንሰለፋለን። ጌቱ ፈለቀ በ2014 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገብቶ የውድድሩን ክብረ ወሰን ሲያሻሽል፣ በዓመቱ ደግሞ ሲሳይ ለማ ሲያሸንፍ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ይህ ያኮራል፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። የምገስጸው ከማግሥቱ ጀምሮ ያለውን ኑሯችንን ነው። ማራቶኑ ሲያልቅ ባንዲራችንን አጣጥፈን ወደየቤታችን እንገባለን፤ ከዚያ በኋላ ስፖርት የሚባለው ነገር የፈረንጆቹ ጉዳይ ይሆናል። ሃያ ዓመት ከኖርንበት አገር አትሌቶች መካከል ከእግር ኳሰኛው ከዴቪድ አላባ ሌላ ስም መጥራት የሚችል ከመካከላችን ስንቱ ነው? አለማወቃችን በእኛ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ልጆቻችንንም አብረን እያስቀረናቸው ነው።

እስቲ የስኪውን ሳምንት አስቡት። እዚህ ልጅ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ብርዱ ሲገባ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይመጣል፤ ክፍሉ በሙሉ ስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ሊማር ለአንድ ሳምንት ወደ ተራራ ሊሄድ ስለሆነ ወላጅ ይፈርም ይላል። ብዙዎቻችን ቤት ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይሰነብታል። «ብርድ አይችልም»፣ «እግሩን ይሰብርብኛል»፣ «ሴት ልጄ ከቤት ውጭ አታድርም» ሲባል ይቆይና በመጨረሻ አንድ ሰበብ ተጽፎበት ይመለሳል። ልጁ ያን ሳምንት ቤት አይውልም፤ ወደ ሌላ ክፍል ይላክና ከማያውቃቸው ልጆች ኋላ ተቀምጦ የእነርሱን ትምህርት ያዳምጣል። ጓደኞቹ ፊታቸው በተራራ ፀሐይ ቀልቶ ሲመለሱ ማን እንደወደቀ፣ ማን ቁልቁለቱን ቀድሞ እንደወረደ፣ ሌሊት መኝታ ክፍል ውስጥ ምን እንዳሳቃቸው ያወራሉ። እርሱ ጨዋታው ላይ የሚጨምረው ነገር የለውም። ልጄን አገለሉብኝ ብለን ስናማርር፣ ያን በር የዘጋነው በገዛ ፊርማችን መሆኑን እንርሳው?

በዚህ አገር ስኪ የሀብታም መዝናኛ ብቻ ሆኖ የኖረ አይደለም። በ1956 በኮርቲና ኦሎምፒክ የነበሩትን ሦስቱንም የወንዶች የቁልቁለት ስኪ ወርቆች ጠራርጎ የወሰደው የኪትስቢውሉ ቶኒ ሳይለር በሙያው ቆርቆሮና መስታወት ሠራተኛ ነበር። ሄርማን ማየር ደግሞ ከስኪ ትምህርት ቤት ሰውነትህ አነሰ ተብሎ የተመለሰ ልጅ ነው። ግንበኛ ሆኖ ሠራ፤ በበረዶው ወራት በወላጆቹ የስኪ ትምህርት ቤት አስተማረ። ከዚያ በ1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ በዋናው የቁልቁለት ውድድር አየር ላይ ተወርውሮ አጥሩን ጥሶ ሲወድቅ ያየ ሁሉ አበቃለት አለ። በሦስተኛው ቀን ወርቅ ወሰደ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሁለተኛውን ደገመ። በግንባታ ሥራ ላይ የምትውሉ አባቶች፣ ይህን ታሪክ ልጆቻችሁ ከእናንተ አፍ ቢሰሙት እንዴት ባማረባችሁ!

አደጋውን አልደብቅም። ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ኡልሪከ ማየር በ1994 በጀርመን ጋርሚሽ ውድድር ላይ ወድቃ ሕይወቷ አልፏል፤ የልጅ እናት ነበረች። ነገር ግን ያ በታላቅ ፍጥነት የሚወረድ የባለሙያዎች ውድድር ነው፤ ልጆቻችን የሚማሩበት ዳገት ከአስተማሪ ጋር ቀስ ተብሎ የሚወረድ ነው። ስለ አደጋ ካነሣን ይልቅ ዋና የማይችል ልጅ ይዘን በበጋ ወደ ዳኑብ ዳርቻ የምንወርደው እኛ ልንፈራ በተገባን። ትምህርት ቤቱ ዋና ሲያስተምር ሰበብ ፈልገን እናስቀራለን፤ በሐምሌ ግን ውኃ ዳር እንጀራችንን ዘርግተን ልጆቹን አትራቁ እያልን እንጮኻለን።

ትምህርቱን ያዘናጋዋል የምትሉም አላችሁ። አና ኪዘንሆፈርን ታውቋታላችሁ? በባርሴሎና በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪዋን ያገኘች፣ በስዊዘርላንድ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ምርምር ትሠራ የነበረች ሴት ናት። በቶኪዮው ኦሎምፒክ በ2021 ለሴቶች የጎዳና ብስክሌት ውድድር ስትሰለፍ የፕሮፌሽናል ቡድን አልነበራትም፤ ልምምዷን የምታወጣውም ራሷ ነበረች። ገና ውድድሩ ሲጀመር ተፈትልካ ወጣች። መንገዱ 137 ኪሎ ሜትር ነው። የታወቁት የኔዘርላንድ ጋላቢዎች ከፊታቸው ሰው መኖሩን እስኪዘነጉ ድረስ ራቀቻቸው፤ ሁለተኛ የገባችው ቫን ቭሉተን ያሸነፈች መስሏት እጇን ዘርግታ ነበር መስመሩን ያለፈችው። ኦስትሪያ በብስክሌት የኦሎምፒክ ወርቅ ስታገኝ ከ1896 ወዲህ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ሒሳቡ ከፔዳሉ አላስቀራትም፤ ፔዳሉም ከሒሳቡ።

አይቀበሉንም የሚለው ሰበብ ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በከፊል እውነት አለበት። አላባ የቪየና ልጅ ነው፤ አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ ፊሊፒናዊት ናቸው፤ ኳስ የጀመረው በአስፐርን ሰፈር ክለብ ነው። በ2012 የብሔራዊ ቡድኑ ኮከብ ሆኖ ሳለ አንድ የክፍለ ግዛት አስተዳዳሪ ቡድኑን ሊጎበኙ መጥተው በእንግሊዝኛ ሰላም አሉት። እርሱም በጀርመንኛ ሊያናግሩት እንደሚችሉ፣ ኦስትሪያዊ መሆኑን በትሕትና ነገራቸው። ያን መልስ በእርጋታ የመለሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በክለቡ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ቦታው የእርሱ መሆኑን ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

ከእኛ የባሰ የተገፉ ሰዎች በዚህችው ከተማ ምን እንዳደረጉም ስሙ። አይሁዳውያን ከብዙ ክለቦች በሚገለሉበት ዘመን፣ በ1909፣ ሃኮአ ቪየና የተባለውን ክለብ ራሳቸው አቋቋሙ። እግር ኳሱ፣ ዋናው፣ ትግሉ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። የእግር ኳስ ቡድኑ በ1923 ለንደን ድረስ ሄዶ ዌስት ሃምን በሜዳው አሸነፈ፤ በ1925ም የኦስትሪያ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫውን ባረጋገጠበት ጨዋታ ግብ ጠባቂው ክንዱ ተሰብሮ፣ ተቀያሪ በማይፈቀድበት ዘመን ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ወደ አጥቂ ቦታ ወጣና የማሸነፊያውን ጎል አስቆጠረ። ከሁሉ በላይ ግን የሚነካኝ የዋናተኛዋ የዩዲት ዶይች ነገር ነው። በሀገሩ አንደኛ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። በ1936 ለበርሊን ኦሎምፒክ ስትመረጥ ከሉሲ ጎልድነርና ከሩት ላንገር ጋር ሆና በሂትለር ከተማ አልዋኝም አለች። ፌዴሬሽኑ ዕድሜ ልክ አገዳት፤ ክብረ ወሰኖቿንም ሰረዘ። ይቅርታ የጠየቃት በ1995 ነው። ሃኮአንም ናዚዎች በ1938 አፈረሱት፤ ከጦርነቱ በኋላ ዳግም ተቋቋመ፤ ዛሬም ፕራተር ከተባለው መናፈሻ አጠገብ የራሱ ማዕከል አለው። እነዚያ ወላጆች ጥላቻው እስኪያልፍ ልጆቻቸውን ቤት አላስቀመጡም። እኛ ግን ከእነርሱ በእጅጉ ባነሰ ችግር ልጆቻችንን ቤት እንዘጋባቸዋለን።

ከእኛው ሰዎችም ምስክር አለ። ለማወርቅ ከተማ ኢትዮጵያ ተወልዶ እዚህ በስደት የመጣ ሯጭ ነው። በ2014 ለኅብለ ሰረሰር ጉዳት ምርምር ገንዘብ በሚሰበሰብበትና ሯጮችን መኪና እያሳደደ በሚያስቀርበት ሩጫ በሳንክት ፐልተን ተነሥቶ ከዓለም አንደኛ ሆነ፤ በዓመቱም ደገመው። ዜግነት ካገኘ በኋላ በ2018 በበርሊን የአውሮፓ ሻምፒዮና በማራቶን ስምንተኛ ወጥቶ ኦስትሪያ በቡድን ነሐስ እንድታገኝ አደረገ። በኦስትሪያ መለያ መሮጡን አገር እንደ መክዳት ቆጥራችሁ የተናገራችሁ፣ ምላሳችሁን ያዙ። ልጆቻችሁ የሚሮጡት፣ የሚዋኙት በዚያው መለያ ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ሴቶች ልጆችን በተመለከተ አጭር ልበል። አንማሪ ሞዘር ፕሮል ከትንሿ ክላይናርል መንደር ተነሥታ የስኪ ዓለም ዋንጫውን አጠቃላይ ውድድር ስድስት ጊዜ አሸንፋለች። ሚርና ዩኪች በልጅነቷ ከዩጎዝላቪያ ጦርነት ተርፋ ወደ ቪየና መጥታ በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ በዋና ለኦስትሪያ የነሐስ ሜዳሊያ አስገኝታለች። ወንድሟ እንዲሄድ ፈርመን እርሷን የምናስቀር ከሆነ ነውሩ የእኛ ነው።

ገንዘቡ እውነተኛ ችግር መሆኑን አውቃለሁ። የስኪ ሳምንት ርካሽ አይደለም። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ ያለው የወላጆች ማኅበር ለተቸገሩ ይረዳል፤ መጠየቅ ነው። ጫማውና መንሸራተቻው ይከራያል፤ ያገለገለም ይገኛል። ለሐዘንና ለበዓል የምናዋጣባቸው ዕድሮቻችንና ማኅበሮቻችንም አሉን። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሚዋጣው ላይ ለልጆች የስኪ ሳምንትና ለዋና ትምህርት የሚሆን ድርሻ እንዲለይ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ወደ ክለብ በመኪናው የሚያደርስ ሰውም እንፈልጋለን። የመጀመሪያውን ተራ እኔ እይዛለሁ።