ማስተካከያ፦ ፕሮቶን ኢሙሌተር አይደለም

ባለፈው ስለ ሊኑክስ ጌሚንግና የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ ስለሚያስኬደው ፕሮቶን ስጽፍ "ፕሮቶን የዊንዶውስ ኢሙሌተር ስለሆነ ጌሙ መንቀራፈፉ አይቀርም" ብዬ ነበር (ኢሙሌተር ማለት ሌላ ኮምፒውተርን የሚያስመስል ፕሮግራም ነው)፣ ተሳስቻለሁ። ፕሮቶን የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሲሆን መሠረቱ ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ዋይን የሚባል ፕሮግራም ነው፣ ዋይን ደግሞ ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ ሲተነተን "ዋይን ኢሙሌተር አይደለም" ማለት ነው እኮ፣ ስሙ ላይ ተጽፎ እያለ እንዴት እንዳለፈኝ እንጃ 😅 ፕሮሰሰር ምናምን አያስመስልም፣ ጌሙ ከዊንዶውስ የሚጠይቀውን ነገር ሊኑክስ በሚገባው መልክ ነው የሚቀይርለት፣ ግራፊክሱ ላይ ለምሳሌ ዲኤክስቪኬ የሚባለው ዳይሬክትኤክስ 11ን (የዊንዶውስ የግራፊክስ ሥርዓት) ሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው ቩልካን ይተረጉማል፣ ስለዚህ ብዙ ጌም ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም።

ስቲምኦኤስ (የቫልቭ ሊኑክስ) ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ነው የተሠራው ያልኩት የድሮውን ነው፣ ስቲም ዴክ (በእጅ የሚያዘው የቫልቭ ጌም መጫወቻ) ላይ ያለው 3ኛው ቨርዥን አርች የሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ነው የተሠራው፣ ዴስክቶፑም (የስክሪኑ ገጽታ) ኬዲኢ ፕላዝማ።

አንቲቺት (ማጭበርበርን የሚከላከል ፕሮግራም) ያለው ጌም በጭራሽ አይሠራም ያልኩትንም አጋንኜዋለሁ። ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ የሚባሉት አንቲቺቶች ከ2021 ወዲህ ፕሮቶንን ይደግፋሉ፣ ግን የጌሙ ባለቤት ካልፈቀደ አይሆንም። እዚህ ላይ ንዴቴ እንዳለ ነው፣ እሱን አላስተካክልም።