መንግሥት የሚከፍለውና የማይከፍለው፦ ከሜልበርን እስከ ቱሉ ዲምቱ

«ይሄን ኤንዲአይኤስ ይከፍላል?» ሜልበርን ውስጥ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሾች ሲገናኙ የማይቀር ጥያቄ ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የአክስቴ ልጅ ቤት ሰንብቼ ነበር። ጥያቄው እዚያም አልለቀቀኝም።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ኤንዲአይኤስ የአውስትራሊያ መንግሥት ዘላቂ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ድጋፍ የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። መመዘኛው ለዓመታት «ተገቢና አስፈላጊ ነው ወይ?» የሚል ነበር፤ ለክርክር ሰፊ ቦታ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 3 ቀን 2024 ጀምሮ ግን የሚከፈለውና የማይከፈለው በዝርዝር ተጽፎ ወጣ።

የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የመብራት ሂሳብ አይከፈልም። ማንም ሰው የሚያወጣው ወጪ ነው ይላሉ። መስመሩ አንዳንዴ በጣም ቀጭን ነው። ለምሳሌ ጉዳቱ ምግብ ማብሰል ለከለከለው ሰው፣ የሚያበስልለትና የሚያደርስለት ሰው ዋጋ ሊሸፈን ይችላል። ዱቄቱና ሽንኩርቱ ግን ከራሱ ኪስ ነው። በጉዳቱ ምክንያት የሚያስፈልግ ዳይፐር ይሸፈናል። ታብሌት በመደበኛነት አይሸፈንም፤ በፕላኑ ውስጥ፣ ማለትም ለሰውየው የተፈቀደለት ድጋፍ በሚጻፍበት ሰነድ ውስጥ፣ ያለን ሌላ ድጋፍ የሚተካ ከሆነ ማመልከት ይቻላል። ፈቃዱ ግን ከግዢው በፊት በጽሑፍ መምጣት አለበት። አንዲት ወዳጄ ይህን የሰማችው ለማይናገር ልጇ መግባቢያ እንዲሆን ታብሌቱን ገዝታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

በኔ እይታ ዝርዝር መውጣቱ ጥፋት አይደለም። የሥርዓቱ ወጪ በፍጥነት እያደገ ስለነበር የፌዴራልና የክልል መሪዎች የዓመት እድገቱን ወደ 8 በመቶ ለማውረድ ተስማምተው ነበር። የሚያንገበግበኝ ለውጡ ወደ ቤተሰብ የደረሰበት መንገድ ነው። ቀኑን ሙሉ ልጅ ስትንከባከብ የዋለች እናት፣ ማታ ያንን ሁሉ የእንግሊዝኛ ሰነድ መቼ ታንብበው? እባካችሁ፣ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ነጻ ነው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የፕላን ውሳኔ ካላረካችሁ በ3 ወር ውስጥ እንደገና ይታይልኝ ማለት ትችላላችሁ። ከዚያም ይግባኝ ሰሚ አለ።

ቱሉ ዲምቱ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይግባኝ የምትልበት ውሳኔ እንኳ የላትም። ልጇ ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) አለበት፤ አይራመድም። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። እሱን አዝላ ትወርዳለች፣ ዊልቸሩን የብሎኩ ጥበቃ ተሸክሞ ይከተላታል። ፊዚዮቴራፒው መሀል ከተማ ነው። የሚኒባስ ረዳቱ ዊልቸሩን ሲያይ «ሞልቷል» ይላል፣ ወይ የሁለት ሰው ያስከፍላታል። ኮንትራት ከያዘች ደግሞ የሳምንቱ አስቤዛ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቀጠሮው ይዘለላል። የልጁ እግር በየጊዜው እየደረቀ ነው።

የጥበቃውን ደግነት አላቃልልም። ሜልበርን እንዲህ ያለውን ሥራ ሰው በሰዓት ተከፍሎት ይሠራዋል፤ ቱሉ ዲምቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይበቃል። ጥበቃው ሥራ የቀየረ ዕለት ግን ልጁ ቤት ይውላል። የሰው ደግነት ላይ ብቻ የቆመ ድጋፍ መብት አይባልም።

ሀገር ቤት ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንደሚረዳ ይናገራል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የከተማ ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ አለው፤ ግን መነሻው የቤተሰቡ ድህነት ነው እንጂ ጉዳቱ የሚያስወጣው ወጪ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ባል ደመወዝተኛ ነው። ስለዚህ ድሃ አይባሉም፣ የልጁ ወጪ ግን ድሃ እያደረጋቸው ነው።

ስለ ሜልበርኑ ዝርዝር ሳወራላት፣ አይከፈልም ስላልኳት ነገር አልተገረመችም። «ቆይ፣ ዳይፐር መንግሥት ይከፍላል?» አለችኝ። ሁለቴ አስደገመችኝ።

አውስትራሊያ ያለው ገንዘብ ኢትዮጵያ እንደሌላት አውቃለሁ። ለሁሉም ነገር ይከፈል አልልም። ወረዳው ግን አጭር ዝርዝር ሊጽፍ ይችላል፤ የሚችለውን ያህል ብቻ፣ ግን ሰው ይዞት ሄዶ የሚጠይቅበት። እኔ ብጠየቅ በትልልቅ ልጆች ዳይፐርና ወደ ሕክምና በሚያደርስ የትራንስፖርት ወጪ እጀምራለሁ።